ፕሮዳክት ማኔጀር ለመሆን፦ አንድ ችግር ይዞ እስከ መጨረሻው መሥራት

በአዲስ አበባ የሥራ ማስታወቂያዎች ላይ «ፕሮዳክት ማኔጀር» የሚለው መጠሪያ ቢያንስ ለሦስት የተለያዩ ሥራዎች ይውላል። ባንክ ውስጥ አዲስ የቁጠባ ወይም የብድር ዓይነት የሚቀርጽ ባለሙያ ሊሆን ይችላል። አስመጪ ወይም አምራች ድርጅት ውስጥ ደግሞ የአንድን ዕቃ ዋጋ፣ ማሸጊያና ሽያጭ የሚከታተል ሰው ነው። ሶፍትዌር በሚሠሩ ድርጅቶችና በባንኮች የዲጂታል ክፍል ግን ከዲቨሎፐሮችና ከዲዛይነሮች ጋር ተቀምጦ አገልግሎቱ የማንን ችግር እንደሚፈታ፣ የትኛው ሥራ እንደሚቀድም፣ ውጤቱም በምን እንደሚለካ የሚወስነው እሱ ነው። እዚህ የምናወራው ስለዚህ ስለ ሦስተኛው ነው።

ማስታወቂያውን ሲያነቡ መጠሪያውን ትተው የሥራ ዝርዝሩን ይመልከቱ። የመጀመሪያው ተግባር «የሽያጭ ዕቅድ ማሳካት» ከሆነ ሥራው ሽያጭ ነው። «በተያዘለት ጊዜና በጀት ማጠናቀቅ» የሚል ከሆነ የሚፈልጉት ፕሮጀክት ማኔጀር ነው። ፕሮጀክት ማኔጀር የተወሰነው ነገር በሰዓቱ እንዲያልቅ ይጠየቃል፤ ፕሮዳክት ማኔጀር ግን ያ ነገር መጀመሪያውኑ መሠራት ነበረበት ወይ ተብሎ ይጠየቃል።

ኮርስና ሰርተፊኬት የሙያውን ቃላት ያስተምራሉ፣ አይጎዱም። ኢንተርቪው ላይ የሚመጣው ጥያቄ ግን «ምን ወሰኑ? በምን ማስረጃ? ከዚያስ ምን ሆነ?» የሚል ነው፤ ለዚህ መልስ የሚሆን ሰርተፊኬት የለም። መልሱ የሚገኘው አንድ ትንሽ እውነተኛ ችግር ይዞ ከምልከታ እስከ ልኬት በመሥራት ነው። ሥራ እየሠሩ በማታና በቅዳሜ ከተያዘ ሦስት ወይም አራት ወር ይበቃል።

ችግሩን መምረጥ

ጥሩ የመለማመጃ ችግር ሦስት ነገር ያሟላል፦ ተጠቃሚዎቹን በአካል ሄደው ማግኘት ይችላሉ፣ ውጤቱ በቁጥር ይቆጠራል፣ የማንንም ምስጢር ሳይነኩ ሊመረምሩት ይችላሉ። «ለኢትዮጵያ ገበሬዎች አፕ» ሦስቱንም አያሟላም፣ በጣም ሰፊ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቀምበት ምሳሌ ግን ያሟላል፤ የግል ትምህርት ቤት ክፍያ ነው።

ወላጅ በቴሌብር ወይም በባንክ አፕ ወደ ትምህርት ቤቱ ሂሳብ ገንዘብ ያስገባል። የከፈለበትን ስክሪንሾት በቴሌግራም ይልካል ወይም ደረሰኙን ልጁ ይዞ ይሄዳል። ገንዘብ ያዧ የባንኩን ዝርዝር ከፍታ እያንዳንዱን ክፍያ ከተማሪ ስም ጋር ታዛምዳለች። ችግሩ እዚህ ላይ ይመጣል። የላኪው ስም ከተማሪው ስም ጋር የሚገናኝበት መንገድ የለም። አባት ከከፈለ ስሙ የልጁ ሁለተኛ ስም ስለሆነ ፍንጭ ይሰጣል። እናት፣ አጎት ወይም አሜሪካ ያለች አክስት ከከፈሉ ግን ምንም ፍንጭ የለም። የምክንያት ሳጥኑም ወይ ባዶ ነው ወይ «ክፍያ» ይላል።

ምልከታ

ማንንም ከመጠየቅዎ በፊት በክፍያ ሳምንት አንድ ሙሉ ጠዋት ገንዘብ ያዧ አጠገብ ይቀመጡ፤ በእርግጥ በርዕሰ መምህሩ ፈቃድ። አራት ዓምድ ያለው ወረቀት ይያዙ፦ ሰዓት፣ የተደረገው ነገር፣ የፈጀው ደቂቃ፣ የተሰናከለበት ቦታ። ሐሳብ አይስጡ፣ አያርሙ። ሰው ሥራውን ሲያብራራ የሚዘላቸው ነገሮች አሉ፤ ለምሳሌ በግል ማስታወሻ ደብተሯ ላይ «ይህ ቁጥር የነእንትና እናት ናት» ብላ የጻፈችውን ዝርዝር። ያ ደብተር ከሥርዓቱ የጎደለው ነገር ምን እንደሆነ በቀጥታ ያሳይዎታል።

ቃለ መጠይቅ፣ ከነይሉኝታው

አምስት ወላጆች፣ ሁለት ገንዘብ ያዦች (ሁለተኛዋ ከሌላ ትምህርት ቤት ብትሆን ይመረጣል) እና አንድ ርዕሰ መምህር ለመጀመሪያ ዙር በቂ ናቸው። እያንዳንዱ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይውሰድ።

በብዛት የሚበላሸው በጥያቄው ነው። «እንዲህ ዓይነት አፕ ቢሠራ ይጠቀማሉ?» ብለው ከጠየቁ መልሱ «አሪፍ ነው፣ በርቱ» ይሆናል። ሰውዬው እየዋሸ አይደለም፤ ደክሞ የመጣን ሰው ፊት ለፊት ማሳፈር ነውር ስለሆነ ነው። ስምንት «በርቱ» ሰብስቦ ወደ ሥራ የገባ ቡድን ያንን ይሉኝታ እንደ ገበያ ጥናት ቆጥሮታል። ስለዚህ ስለ ወደፊቱ አይጠይቁ፣ ስለ ሆነው ይጠይቁ፦ «ባለፈው ወር ሲከፍሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ምን አደረጉ? እስቲ ያሳዩኝ።» «የት ላይ አስቸገረዎት? ያኔ ምን አደረጉ?» «ትምህርት ቤቱ ክፍያው አልደረሰንም ብሎ ያውቃል? ማን ጋ ደወሉ?»

ሰውዬው ችግሩን ለመፍታት ጊዜ ወይም ገንዘብ አውጥቶ ከሆነ ችግሩ እውነተኛ ነው። ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ደረሰኝ ለማሳየት የሄደች እናት ከአሥር «በጣም ያስቸግራል» ትበልጣለች።

ለታላላቆች በአንቱታ ይናገሩ። ስልካቸውን ከእጃቸው አይውሰዱ፤ ራሳቸው ይንኩት፣ እርስዎ ይመልከቱ። የሚስጥር ቁጥር ሲያስገቡ ፊትዎን ያዙሩ፤ ቀሪ ሂሳብ የሚታይበት ገጽ ከመጣ እንዲሸፍኑት ይንገሯቸው። ድምፅ ለመቅዳት ፈቃድ ይጠይቁ። ማስታወሻውን በዚያው ቀን አጥርተው ይጻፉት፤ በማግስቱ ሰውየው ያለው ከእርስዎ ግምት ጋር ይቀላቀላል።

ችግሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር

ከምልከታውና ከቃለ መጠይቁ በኋላ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር መጻፍ መቻል አለብዎ፦ «በክፍያ ሳምንት ከ100 ክፍያ 18ቱ የየትኛው ተማሪ እንደሆነ ስለማይታወቅ ገንዘብ ያዧ በቀን ሁለት ሰዓት ስልክ ስትደውል ትውላለች፤ የከፈሉ ወላጆችም ያልከፈሉ ተብለው ማስጠንቀቂያ ይደርሳቸዋል።» ቁጥሮቹ ለምሳሌ የገቡ ናቸው፤ የእርስዎ ግን ከወረቀትዎ የተቆጠሩ ይሁኑ። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ «አፕ»፣ «ፕላትፎርም» ወይም «ሲስተም» የሚል ቃል ከገባ ችግሩን ሳይሆን መፍትሔውን ጽፈዋል፤ እንደገና ይጻፉት። ከፕሮግራሚንግ የሚመጡ ሰዎች እዚህ ላይ በብዛት ይሰናከላሉ። ከቅርንጫፍ ወይም ከጥሪ ማዕከል የሚመጡት ችግሩን ጥሩ አድርገው ይጽፉታል፤ የሚጎድላቸው ቁጥሩ ነው።

የትኛው መፍትሔ ይቅደም

ቢያንስ ሦስት መፍትሔ ያስቀምጡ፤ አንዱ ምንም ሶፍትዌር የማይፈልግ ይሁን። ለማወዳደር የተለመደው ራይስ የሚባለው ስሌት ነው፦ የሚነካው ሰው ብዛት ሲባዛ በጥቅሙ መጠን፣ ሲባዛ በእርግጠኝነትዎ፣ ሲካፈል ለሥራው በሚፈጀው ጊዜ በሰው ወር (አንድ ሰው በአንድ ወር የሚሠራው ሥራ)። ትምህርት ቤቱ 800 ተማሪ አለው እንበል።

ለእያንዳንዱ ተማሪ ቁጥር ሰጥቶ ወላጁ በምክንያት ሳጥን እንዲጽፈው ማድረግ፦ 800 × 1 × 0.8 ÷ 0.5 = 1280። ከባንክ ጋር ተገናኝቶ በራሱ የሚያዛምድ አፕ መሥራት፦ 800 × 2 × 0.5 ÷ 6 = 133 አካባቢ። አፑ በጥቅም እጥፍ ቢሆንም የሚጀመረው በተማሪ ቁጥሩ ነው።

የዚህ ስሌት ድክመት ቁጥሮቹ በቀላሉ መጠምዘዛቸው ነው። አለቃ የሚወደው ሐሳብ ወደ ላይ እንዲወጣ 0.5 የነበረው እርግጠኝነት በስብሰባ መሐል 0.9 ይሆናል። መከላከያው እያንዳንዱ የቡድን አባል ግምቱን ለብቻው ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ብቻ ማስላት ነው።

ቀላል የሚመስለው ነገር ዝርዝር

የተማሪ ቁጥር መስጠት የአንድ ቀን ሥራ ይመስላል። ወላጁ 4471ን በስህተት 4472 ብሎ ቢጽፍስ? የአንዱ ልጅ ክፍያ ለሌላው ልጅ ይገባል፤ ይህ ደግሞ ካልታወቀ ክፍያ የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ማንም አያስተውለውም። ስለዚህ የመጨረሻዋ አኃዝ ማረጋገጫ ትሁን። ተማሪው 447 ከሆነ 4+4+7=15፤ የ15ን የመጨረሻ አኃዝ ወስደው ሙሉ ቁጥሩን 4475 ያድርጉት። አንዲት አኃዝ ብትሳሳት ድምሩ አይገጥምምና ኤክሴል ላይ ወዲያው ይታያል። ይህ ዘዴ የአኃዞች ቦታ መቀያየርን አይዝም፤ 4475ን 4745 ብሎ የጻፈ ሰው ያልፋል። አኃዞቹን በየተራ በ1 እና በ3 እያባዙ ቢደምሩ አብዛኛውን እንዲህ ያለ ስህተትም ይይዛል።

ቀጥሎ ለወላጆች የሚላከው ኤስኤምኤስ ነው። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል። በግእዝ ፊደል ሲጻፍ ግን 70 ብቻ ነው፤ ከ70 ካለፈ ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ክፍል 67 ይይዛል፤ የሚከፈለውም በክፍል ብዛት ነው። በላቲን በተጻፈ መልእክት ውስጥ አንዲት የግእዝ ፊደል ብትገባ እንኳ ሙሉው መልእክት ወደ 70 ይወርዳል። «ክፍያ ሲፈጽሙ በምክንያት ቦታ የተማሪውን ቁጥር 4475 ብቻ ይጻፉ።» ክፍት ቦታዎቹን ጨምሮ 42 ነው፣ በአንድ መልእክት ይሄዳል። ከፊቱ «ውድ ወላጅ፣ እንደምን ሰነበቱ» ብለው የትምህርት ቤቱን ሙሉ ስም ከጨመሩ ግን ሁለት መልእክት ሊከፍሉበት ነው።

በአገራችን ተጠቃሚ ላይ ደጋግመው የሚከሰቱ ሌሎች ስህተቶችም አሉ፤ ማንኛውንም ቅጽ ሲገመግሙ ይፈትሿቸው። «የቤተሰብ ስም» የሚል ግዴታ ሳጥን አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም እንዲጽፍበት ያደርጋል፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብሎ ለይቶ መጠየቅ ይሻላል። በ09 የሚጀምር ስልክ ብቻ የሚቀበል ቅጽ በ07 የሚጀምሩትን የሳፋሪኮም ደንበኞች በሙሉ ይመልሳል። የቀን መምረጫው ጳጉሜን ካላወቀ በ13ኛው ወር ያለ ቀጠሮ ይጠፋል። «3 ሰዓት» የሚለው መልእክት ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት በኋላ የፈረንጆቹ 3 ሰዓት የሚለው ካልተነገረ ሰው በስድስት ሰዓት ልዩነት ይመጣል። በስም ፍለጋ ላይ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» አንድ ሰው ሆነው መገኘት አለባቸው፤ ፍለጋው ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን እንደ አንድ ይቁጠር፤ ባለቤቱ የጻፈው አጻጻፍ ግን በመዝገቡ ላይ ሳይነካ ይቀመጥ።

አንድ ገጽ ሰነድ

ዲቨሎፐሮች የሚሠሩበት ሰነድ ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። ችግሩ፣ ማስረጃው፣ የምንሠራው፣ የማንሠራው፣ የምንለካው፣ ሊበላሽ የሚችለው። ከእነዚህ ሁሉ ሰዎች የሚዘሉት «የማንሠራውን» ነው፤ የኋላ ጭቅጭቅ ሁሉ የሚነሳውም ከዚያ ነው። «በዚህ ዙር የቅጣት ስሌት፣ የምሳና የትራንስፖርት ክፍያ አይካተትም» የሚል አንድ መስመር ብዙ ስብሰባ ያስቀራል።

«ሊበላሽ የሚችለው» የሚለው ክፍል ላይ ጊዜ ይስጡ። ወላጁ ሁለት ልጆች አሉት፣ በአንድ ጊዜ የሁለቱንም ከፍሏል፤ ከገንዘቡ ለየትኛው ልጅ ስንት ይያዛል? ግማሹን ብቻ ከፍሏል። «ሲስተም የለም» ተብሎ ሁለት ጊዜ ተጭኖ ሁለት ጊዜ ከፍሏል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ገንዘቡ ተቆርጦ ማረጋገጫው ሳይመጣ የሚቀርበት ነው። ክፍያ ሁለት ሁኔታ ብቻ፣ ማለትም «ተሳክቷል» እና «አልተሳካም»፣ ያለው ሥርዓት በኔትወርክ መቆራረጥ ጊዜ ይዋሻል፤ ሦስተኛ «በሂደት ላይ» የሚል ሁኔታ ያስፈልገዋል፤ ያ ሁኔታ እስኪለይ ድረስም ተጠቃሚው ድጋሚ እንዳይከፍል ሥርዓቱ መከልከል አለበት። ይህን በሰነዱ ላይ ቀድሞ የጻፈ ሰው ዲቨሎፐሮች ዘንድ ክብር ያገኛል።

ልኬት

ከመጀመርዎ በፊት ያለውን ቁጥር ይመዝግቡ፤ ከተጀመረ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ ማግኘት አይቻልም። በአንድ ክፍል 30 ወላጆች ላይ ለአንድ ወር ይሞክሩት። ስንቶቹ ቁጥሩን ጻፉ? ስንቶቹ በትክክል? ገንዘብ ያዧ ስንት ስልክ ደወለች? 30 ሰው ስለ አገር ሁሉ ምንም አያረጋግጥም፤ 30ው ውስጥ 20ው ቁጥሩን ካልጻፉ ግን መልእክቱ ወይም ሐሳቡ እንዳልሠራ ለማወቅ ይበቃል።

ሲለኩ የአጠቃቀሙን ድግግሞሽ ያስቡ። የትምህርት ቤት ክፍያ በወር ወይም በሩብ ዓመት የሚደረግ ነገር ስለሆነ «ዕለታዊ ተጠቃሚ» የሚለው መለኪያ እዚህ ትርጉም የለውም፤ ባለፈው ዙር በቁጥሩ ከከፈሉት ስንቶቹ በዚህም ዙር ደገሙት የሚለው ነው ጥያቄው። ጊዜ ሲለኩ አማካዩን ብቻ አይመኑ፤ ስክሪንሾቱን ከሦስት ቀን በኋላ የላከ አንድ ወላጅ አማካዩን ይጎትተዋል። ሁሉንም በቅደም ተከተል ደርድረው መሐል ላይ ያለውን ይውሰዱ።

ለዚህ ሁሉ ኤክሴል ይበቃል፤ ፒቮት ቴብልን (ረጅም ዝርዝርን በዓይነት የሚያጠቃልለውን ሠንጠረዥ) ደህና አድርገው ይወቁ። ሥራ ለመቀጠር ኤስኪውኤል (ከመረጃ ቋት መረጃ የሚወጣበትን ቋንቋ) ይጨምሩ፤ ትእዛዞቹ ሴሌክት፣ ዌር፣ ግሩፕ ባይ እና ጆይን የዕለት ጥያቄዎችን አብዛኛውን ይመልሳሉ፤ በቀን አንድ ሰዓት ለስድስት ሳምንት ከተለማመዱት ይያዛል። ፊግማ (የዲዛይን መሣሪያ) እና ጂራ (የቡድን ሥራ መከታተያ) በሳምንት ውስጥ የሚለመዱ ናቸው፣ ብዙ አያስጨንቁዎ።

ሥራውን ማሳየትና መቀጠር

የሠሩትን ከሦስት እስከ አራት ገጽ ባለው ፒዲኤፍ ያዘጋጁ፦ የችግሩ ዓረፍተ ነገር፣ ከወረቀትዎ የተወሰደ ማስረጃ፣ የጣሏቸው አማራጮችና ለምን እንደጣሏቸው፣ ውጤቱ፣ ያልሠራው ነገር። የወላጆችን ስም፣ ስልክና የሂሳብ ቁጥር ሙሉ በሙሉ ያውጡ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሥራ ላይ ነው፤ ከዚያም በላይ የሰው መረጃ በግዴለሽነት የያዘ አመልካች የክፍያ ድርጅት ውስጥ የሚቀጠርበት ምክንያት የለም።

አጭሩ መንገድ አሁን ካሉበት መሥሪያ ቤት ውስጥ መዛወር ነው። ጥሪ ማዕከል ወይም ቅርንጫፍ ከሆኑ በየሳምንቱ የሚመጡ ቅሬታዎችን በዓይነት ቆጥረው ለዲጂታል ክፍሉ በአንድ ገጽ ይላኩ። ሳይቋረጥ ሁለት ወር ከላኩ አንድ ሰው ደውሎ መጠየቁ አይቀርም። የሶፍትዌር ፈታሾችም (ቴስተሮች) ለዚህ ሥራ ጥሩ መነሻ አላቸው፤ ምን እንደሚበላሽ ከሁሉም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ኢንተርቪው ላይ የሚወደድ አንድ ጥያቄ አለ፦ «የሳምንቱ ክፍያ ብዛት በ20 በመቶ ወረደ፤ ምን ያደርጋሉ?» ወዲያው «ማስተዋወቅ እጀምራለሁ» ያለ ሰው እዚያው ይወድቃል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ልኬቱ ራሱ ተበላሽቶ እንደሆነ ያረጋግጡ። ቀጥሎ ቀኑን ይመልከቱ፦ ሳምንቱ በዓል ነበረበት? ካለፈው ዓመት ጋር ሲነጻጸር ፋሲካ ወይም ዒድ ቦታ ቀይሯል? የደመወዝ ቀን በዚህ ሳምንት ነው ወይስ ባለፈው? ከዚያ ቁጥሩን ይከፋፍሉ፦ በስልክ ዓይነት፣ በኔትወርክ አቅራቢ፣ በአፑ ስሪት፣ በአዲስና በነባር ደንበኛ። መውረዱ በአንዱ ክፍል ብቻ ከሆነ ምክንያቱ እዚያ ነው። በሁሉም እኩል ከሆነ በደረጃ ይዩት፦ አፑን የከፈቱት ቀነሱ ወይስ ከፍተው በኤስኤምኤስ የሚላከው የማረጋገጫ ቁጥር ሳይደርሳቸው የቀሩት በዙ? የማረጋገጫ ቁጥር መዘግየት ከሆነ ችግሩ ከኤስኤምኤስ አቅራቢው ጋር እንጂ ከዲዛይኑ ጋር አይደለም።

ሌላው ጥያቄ ስለ አለቃ ነው፦ «ኃላፊው በዕቅድ ያልነበረ ነገር በአስቸኳይ ይሠራ ቢሉስ?» እዚህ አገር «አይሆንም» ብሎ በስብሰባ ላይ መመለስ ሐሳቡን ሳይሆን ሰውየውን መቃወም ተደርጎ ይወሰዳል። የሚሠራው መንገድ ምርጫውን ለእሳቸው መመለስ ነው፤ በተለይ ለብቻቸው፦ «ይህን ካስገባን የክፍያው ማስተካከያ ሦስት ሳምንት ይገፋል፤ የትኛው ይቅደም ይሉኛል?» ውሳኔያቸውን በዚያው ቀን በአጭር ኢሜይል ይጻፉላቸው።

በመጨረሻም እርስዎም ይጠይቁ። ከተጠቃሚዎች ጋር በቀጥታ ማውራት ይፈቀድልኛል? መረጃውን ራሴ ማየት እችላለሁ ወይስ በየጊዜው ደብዳቤ መጻፍ አለብኝ? ባለፉት ስድስት ወራት ተሠርቶ ከዚያ የተወገደ ነገር አለ? ማን ወሰነ? የሚሠራው ሁሉ ከላይ በዝርዝር የሚወርድበትና ምንም ነገር ተወግዶ የማያውቅበት ቦታ ከሆነ፣ መጠሪያው ምንም ቢሆን ሥራው የስብሰባ ቃለ ጉባኤ መያዝ ነው፤ ደመወዙ ካላስገደደዎ በስተቀር ይለፉት።